ሠራተኛ ውስጥ እያለ የኋላ በር መቆለፍ ያስጠይቃል?

ፍራሽ ሰፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ የስፖንጅ ፍራሽ ቆርጠን የምንሰፋበት መጋዘን አለኝ። በ2014 ጦርነቱ ሲመጣ መርፌ ሳይቀር ተዘርፌ እንደ አዲስ ነው የጀመርኩት። ስለዚህ ቁልፍ ላይ ቀልድ አላውቅም። ዘንድሮ ደግሞ የፍራሽ ጨርቅ በጥቅል በጥቅሉ ይጠፋብኛል። ጥበቃው ከመግሪብ በኋላ የኋላውን በር በውጭ በኩል በጓጉንቸር ይቆልፋል፤ ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ዒድ ሲቃረብ ግን ልጆቹ እስከ እኩለ ሌሊት ውስጥ ይሰፋሉ። መስኮቱ ሁሉ ፍርግርግ ብረት ነው። አማቼ "እሳት ቢነሳ ምን ልትይ ነው?" ብሎ እንቅልፍ ነሳኝ። አጥሩ ላይም ኤሌክትሪክ ልለቅበት አስቤያለሁ። እቃዬም እንዳይሄድ፣ ልጆቹም እንዳይጎዱ ምን ላድርግ? ሕጉስ ምን ይላል?

የፋብሪካ ሴፍቲ፦
እህቴ፣ ጓጉንቸሩን ዛሬውኑ አንሺው። ስፖንጅ ከተያያዘ ነበልባሉ እስኪደርስ አይጠበቅም። ጥቁሩ ጭስ ይቀድማል፣ እሱም መርዝ ነው። በፈረንጆቹ 1911 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቃጥሎ 146 ሰው አልቋል። አንዱ መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። ለምን ቢባል፣ ሠራተኛ እቃ ይዞ እንዳይወጣ። ቁርጥ ያንቺው ጉዳይ።

ከውስጥ ሲገፋ የሚከፈት አግዳሚ ዘንግ ያለው መዝጊያ አለ። በውጭ በኩል እጀታ የለውም፣ ማንም አይገባበትም። ከውስጥ ግን እጇ እቃ የያዘ ልጅ በዳሌዋ ብትገፋው ይከፈታል። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን። ሲከፈት የሚጮህ ደወል ግጠሚበት፤ ሌባ ጩኸት አይወድም። ደወሉ ካልተገኘ እንደ ቆጣሪ እሽግ ያለ፣ ቁጥር የተጻፈበት፣ በእጅ ሲሳብ የሚበጠስ ማሸጊያ ይበቃል። ጠዋት ተበጥሶ ካገኘሽው ማን ፈረቃ ላይ እንደነበር ታውቂያለሽ። ከፍርግርጎቹም አንዱን ማጠፊያ አስበይጂለት፣ መወርወሪያው በውስጥ በኩል ይሁን። ጨርቅ በር ስር ከምረሽ ከሆነም አንሺው፣ መውጫ ይዘጋል።

ሌሊት ጥበቃ፦
እኔም ደሴ ጥበቃ ነኝ። ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው ሲባል ሰው ይረጋጋል። ሱብሂ ልሰግድ ስወጣ፣ ሻይ ልቀምስ ስሻገር ቁልፉም አብሮኝ ይሄዳል። ቀለበቱ ላይ ደግሞ ስንት ቁልፍ አለ! መብራት ከጠፋ በዳበሳ ነው የምፈልገው። እና ደግሞ እቃው በኋላ በር እንደሚወጣ በምን አወቅሽ? ቁርጥራጭ የሚወጣበትን ጆንያ እስቲ አንድ ቀን አስገልብጪው።

የደሴው ጠበቃ፦
ሕጉን ልጨምር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92 የሠራተኛን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ አሠሪው ላይ ይጥላል። አንቀጽ 96 ደግሞ ይብሳል፦ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርብሽም ኃላፊ ነሽ። "የቆለፈው ጥበቃው ነው" ብትይ አያወጣሽም። የአጥሩን ነገር ተዪው። የመብራት መስመር በቀጥታ ሽቦ ላይ መልቀቅ ሰው ይገድላል። ንብረትን መከላከል የሚፈቀደው ከአደጋው ጋር ሲመጣጠን ነው፤ ሽቦው ደግሞ ሌባውንና ኳስ ሊያመጣ የተንጠላጠለውን የጎረቤት ልጅ አይለይም። ውሻም ካሰብሽ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2071 አንብቢ። እንስሳው አምልጦ ለሚያደርሰው ጉዳት እንኳ ባለቤቱን ይጠይቃል። ደህና አጥርና መብራት ይሻልሻል።

ፍራሽ ሰፊዋ፦
አላህ ይስጥልኝ። ጓጉንቸሩ ተነስቷል። ጆንያውን ለማንም ሳልናገር አስገለብጣለሁ። አግዳሚ ዘንጉን ግን በያጁ አላውቀውም አለኝ።

የፋብሪካ ሴፍቲ፦
አብሽሪ። እስኪገኝ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት መወርወሪያ ያድርግልሽ፤ አንድ ብቻ፣ ከላይ ከታች እያለ እንዳይደረድረው። ሲገጠም ማታ መብራቱን አጥፊና ልጆቹን "ውጡ" በያቸው። ማን በሩን እንዳጣው እዚያው ታያለሽ።