የ60 ሳ.ሜ. እግር በትንሽ ሲኤንሲ እንዴት ይሠራል? (የልጅ ልብስ ማስጫ)

ባለ3018፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ3 ዓመት ልጄ እናቷ ልብስ ስታሰጣ እያየች «የኔስ ማስጫ የታለ?» ትለኛለች። ካልሲዋንና የአሻንጉሊቷን ልብስ የምታሰጣበት፣ እንደ ድንኳን የሚከፈት ትንሽ የእንጨት ማስጫ ጀምሬላታለሁ። እግሮቹ 60 ሳ.ሜ. ናቸው፤ ቤት ያለችኝ 3018 ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የምትታዘዝ መቁረጫና መብሻ ማሽን) ግን 30 በ18 ሳ.ሜ. ብቻ ነው የምትደርሰው። ባለ18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ግማሽ ግማሹን ቆርጬ በኮላ ባጣብቀው ልብስ የሚሰጣባቸው ዱላዎች የሚገቡበት የግራና የቀኙ እግር ቀዳዳ 2 ሚሊ ተላለፈ። የላይኛው ልጥም ተቦጫጨቀ። ይባስ ብሎ «12 ሚሊ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ዱላ 12 ሚሊ ቀዳዳ ውስጥ አልገባ አለኝ።

አናጢ ከድሮ፦ ልጄ፣ ቀጥ ያለ እንጨት ለመቁረጥ ሲኤንሲ ምን ይሠራል? እግሮቹን አናጢ ቤት 18 በ35 ሚሊ አሰንጥቃቸው፤ ለማሽኑ ቀዳዳውን ብቻ ተውለት። ኮምፔንሳቶ እንዲህ ሲቀጥን ጠርዙ ውሃ ይጠጣና ይላላጣል። በደንብ የደረቀ ግራቪላ ፈልግ። ዋንዛ ያምራል፣ ግን እኔ ቀለም ሳልቀባው ሠርቼ የሰው ነጭ ልብስ ላይ ቡናማ ለቆብኛል።

ጂኮድ፦ ጋሼ ልክ ናቸው። 3018 ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደው ጠረጴዛው ራሱ ነው፤ በዚያ አቅጣጫ ረጅም እንጨት ቢያልፍ የሚያግደው የለም። 80 ሳ.ሜ. ጣውላ በዚያው አቅጣጫ ጠረጴዛው ላይ በብሎን እሰር፤ ጫፉ ላይ ማገጃ ምታበት። በማገጃውና በእግሩ መካከል 24 ሳ.ሜ. የሆነ ቁራጭ አስገባና 3 ቀዳዳ በ8 ሳ.ሜ. ልዩነት ብሳ። ከዚያ ቁራጩን አውጣ፣ እግሩን እስከ ማገጃው ግፋ፣ ማሽኑ የሚያነበውን ያንኑ ፋይል ድገመው። 6 ቀዳዳ ይወጣልሃል፤ አራቱም እግር አንድ ዓይነት ይሆናል። ሜትር እንዳታወጣ፣ ስህተቱ የሚመጣው ከሜትር ነው። ጣውላው ስለሚከብዳት ጠረጴዛዋን በዝግታ አስኪዳት።

ፑንታ፦ ዱላው ላይ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) 3 ቦታ አሳርፍ። የገበያ ዱላ ክብ ሳይሆን እንቁላል ነው፤ በክረምት ደግሞ ያብጣል። ቀዳዳውን ከወፍራሙ ልኬት 0.2 ሚሊ ጨምረህ ሳለው፤ መጀመሪያ ግን ፍርፋሪ እንጨት ላይ ሞክር። በ3 ሚሊ መቁረጫ እየዞርክ፣ በአንድ ዙር ከ1 ሚሊ በላይ አትውረድ፤ የዚያች ማሽን ሞተር አቅም የለውም። ጥልቀቱ 10 ሚሊ ይበቃል፣ እስከ ወዲያ ማዶ አትብሳው። ልጡ የተቦጫጨቀው መቁረጫህ ፍርፋሪውን ወደ ላይ የሚስብ ዓይነት ስለሆነ ነው፤ ወደ ታች የሚጫነውን ግዛ። መብራት ከጠፋ ዜሮህ (ማሽኗ መለካት የምትጀምርበት ነጥብ) አብሮ ይጠፋል፤ ጣውላው ላይ ምልክት ይኑርህ።

የመንታ እናት፦ ስለ ማሽኑ አላውቅም፣ ስለ ጣት ግን አውቃለሁ። እግሮቹ የሚጋጠሙበት ላይ 5 ሚሊ ዘንግ የሚያስገባ ክፍተት ካለ 12 ሚሊም ማስገባት አለበት፤ ክፍተቱ በ5 እና በ12 መካከል ከሆነ ሲታጠፍ የልጅ ጣት ይቀረቅራል። የአውሮፓ የአሻንጉሊት ደረጃም ይህንኑ ነው የሚለው። በዱላዎቹ መካከል ከ9 እስከ 23 ሳ.ሜ. ክፍተት አትተው፤ ሰውነት አልፎ ጭንቅላት የሚያዘው እዚያ ነው። ያንተ 8 ስለሆነ ደህና ነው። እግሮቹ ተበርግደው እንዳይወድቁ ከሥር በአጭር ገመድ እሰራቸው። ብሎኑ የማይዝግ ይሁን፤ የዝገት ነጠብጣብ ከነጭ ልብስ አይለቅም።

ባለ3018፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ እርስዎንም። ዱላው ሲለካ ወፍራሙ ጋ 12.3 ሆነ፤ 12.5 ብዬ ስስለው በመዳፍ ምት ገባ። ሦስተኛው እግር ላይ መብራት ጠፋ፤ ምልክቱ አዳነኝ። አራተኛውን ግን በግርግሩ መሃል አዟዙሬ ከታች በኩል በስቼዋለሁ።

ጂኮድ፦ የላይኛው ጫፍ ላይ በእርሳስ «ላይ» ብለህ ጻፍ ማለት ነበረብኝ፤ ረሳሁት።

ባለ3018፦ ሌላ አሰንጥቄ ጨርሻለሁ፤ ቫርኒሹ እየደረቀ ነው። ባለ ስድስት ቀዳዳው ትርፍ እግር የመጥረጊያ ማንጠልጠያ ሆኗል።