አላኡዲን ኸልጂም ሼር ሻህም መሬት አስለኩ፤ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። ሥራዬ ቅየሳ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ማሳ ለማሳ ሜትር ጎትቻለሁ። ሜትር ሲዘረጋ የገበሬ ፊት እንዴት እንደሚለወጥ አውቃለሁ። ሰሞኑን ሕንድን ስለገዙ የዴልሂ ነገሥታት እያነበብኩ ነው። አላኡዲን ኸልጂ (እ.ኤ.አ. 1296–1316) ማሳውን አስለክቶ የምርቱን እኩሌታ ወሰደ። ሼር ሻህ ሱሪም (1540–1545) አስለካ፤ የወሰደው ግን ሲሶ ነው። አንዱ ጨካኝ፣ ሌላው ለገበሬ አሳቢ ተባሉ። ልዩነቱ እኩሌታና ሲሶ ብቻ ነው?

መልስ 1፦
እኩሌታ እኮ ቀላል አይደለም! በዚያ ላይ የግጦሽና የቤት ግብር ነበረ። ግን ምክንያቱንም እይለት። በ1303 ሞንጎሎች ዴልሂን ከበዋት ነበር። ብዙ ሠራዊት መቀለብ ነበረበት። ደግሞ ኹትና ሙቃዳም የሚባሉት የመንደር አለቆች ራሳቸው ሳይከፍሉ ሸክሙን ደሃው ላይ ይጥሉት ነበር። አላኡዲን እነሱንም እንደ ማንኛውም ገበሬ አስከፈላቸው። ይህን ማንሳት ተገቢ ነው።

መልስ 2፦
ለእኔ ልዩነቱ ወረቀቱ ነው። ሼር ሻህ ለገበሬው «ፓታ» ይሰጠው ነበር። የመሬቱ ስፋትና የሚከፍለው ግብር ተጽፎበታል። ገበሬው ደግሞ መስማማቱን የሚገልጽ «ቃቡሊያት» ይሰጣል። ስለዚህ ሰብሳቢው መጥቶ «ያንተ ይህን ያህል ነው» ቢለው የሚያሳየው ነገር አለው። ጉድለትም ነበረው። ግብሩ የሚተመነው የጥሩ፣ የመካከለኛና የጭንጫ መሬት ምርት አማካይ ተይዞ ነው። ጭንጫ የደረሰው ተጎዳ ማለት ነው። የለኪውና የሰብሳቢው ክፍያም ከገበሬው ነበር የሚወጣው።

መልስ 3፦
ቀያሽ ስለሆንክ ይህን ትወደዋለህ። ያኔ የሚለካው በገመድ ነበር። ገመድ እርጥበት ሲነካው ያጥራል። ያጠረ ገመድ ማሳውን ያሰፋዋል፣ ግብሩም ይጨምራል። በኋላ በሙጋሉ ንጉሥ በአክባር ዘመን በብረት ቀለበት የተያያዘ ቀርከሃ ተተካ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። የገመዱ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፤ ጤዛ ባለበት ጠዋት የተለካበትን ገበሬ አሰብኩት። የፓታው ደግሞ አንድ ነገር አስታወሰኝ። አንዲት እናት ማሳቸውን ለክቼ ስጨርስ «ልጄ፣ ያልከውን ጻፍልኝ» አሉኝ። ከደብተሬ ቅጠል ገንጥዬ ጻፍኩላቸው። ማንበብ አይችሉም። አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።