ፊቷን ሳልነካ የነጠላውን ፖሊጎን ብቻ እንዴት ልቀንስ?

ሹሩባ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የአያቴን ሐውልት በብሌንደር (የ3ዲ ፕሮግራም) እየቀረጽኩ ነው፤ ከደረት በላይ ብቻ። ሹሩባዋን፣ የፊቷን መስመሮች፣ የአንገቷን ንቅሳት ሁሉ ሠርቻለሁ። ነጠላ አጣፍታለች። 15 ሴንቲሜትር ቁመት ኖሮት በፕላስቲክ እንዲታተምልኝ ነው የምፈልገው።

ችግሩ ፋይሉ ነው። ኤስቲኤል (ለ3ዲ ማተሚያ የሚሰጠው የፋይል ዓይነት) አድርጌ ሳወጣው 310 ሜጋባይት ሆነ። አንድ ማተሚያ ቤት ወሰድኩት፤ ኮምፒውተራቸው ስታክ አደረገና «ቀንሰሽ አምጪው» ብለው መለሱኝ።

ዴሲሜት ሞዲፋየር (ፖሊጎን የሚቀንሰውን መሣሪያ) ጨምሬ ሬሾውን፣ ማለትም የሚቀረውን ድርሻ፣ 0.1 አደረግኩት። ፋይሉ ቀነሰ። ግን ንቅሳቱ ጠፋ፣ የከንፈሯ ጥግም ተሰባበረ። የሚገርመው ነጠላው ላይ አሁንም የፖሊጎን (ገጹን የሚሠሩት ጥቃቅን ጠፍጣፋ ቅርጾች) መአት አለ! ማንም የማያየው ጀርባዋ ላይ ሳይቀር።

ፊቱና አንገቱ እንዳለ ሆኖ ነጠላውና መቆሚያው ብቻ የሚቀንስበት መንገድ አለ? መልቲሬዝ (ለቅርጻ ፖሊጎኑን በደረጃ የሚያበዛው) ደረጃ 5 ላይ ነኝ፤ 3.1 ሚሊዮን ፌስ (ፖሊጎን) ይላል። የላፕቶፔ ራም 8 ጊጋ ነው፣ እዘኑልኝ።

ሞዲፋየር ወዳጅ

አለ እንጂ ወንድሜ። ዴሲሜት ውስጥ ኮላፕስ የሚለው ላይ ከሬሾው ዝቅ ብሎ ቨርቴክስ ግሩፕ (የነጥቦች ስብስብ) የሚል ባዶ ሳጥን አለ። ብዙ ሰው ዓይኑ አይገባም። የሚቀነሰውን ክፍል መርጠህ ግሩፕ ስጠውና ስሙን እዚያ አስገባ። ክብደቱ 1 የሆነው ይቀነሳል፣ 0 የሆነው አይነካም። ተገላቢጦሽ ከሆነብህ ከሳጥኑ ጎን ያለችውን ባለሁለት አቅጣጫ ቀስት ተጫናት።

ግሩፕ ለመስጠት ኤዲት ሞድ ግባ። አልት ዜድ ብለህ ሐውልቱን አሳላፊ አድርገው፣ አለዚያ የምትመርጠው የፊት ለፊቱን ብቻ ነው። ከአንገት በታች ያለውን በቢ ከልለህ ምረጥ። ከዚያ በቀኝ በኩል አረንጓዴዋ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቨርቴክስ ግሩፕ ጋ የመደመር ምልክቷን፣ ቀጥሎ አሳይን። አለቀ።

ሹሩባ

እህት ነኝ 🙂 አመሰግናለሁ፣ ሞከርኩት። ሁለት ነገር ገጠመኝ።

አንደኛ፣ ኤዲት ሞድ ስገባ አያቴ ትጠፋና ድንች የመሰለ ነገር ይመጣል። ንቅሳት የለም፣ ሹሩባ የለም። ደነገጥኩ፤ ስወጣ ተመልሳ መጣች።

ሁለተኛ፣ በድንቹ ላይም ቢሆን ከአንገት በታች መርጬ ግሩፕ ሰጠሁ። ሬሾውን እንደ በፊቱ 0.1 ሳደርገው ፊቷ ንክች አላለም። ነጠላው ግን የተጨማደደ ወረቀት ሆነ፤ ትከሻዋም ተበሳ። ምን አጠፋሁ?

ሞዲፋየር ወዳጅ

ይቅርታ እህቴ። ሁለተኛው እኔንም ግራ ገብቶኛል፣ የሚያውቅ ይርዳን።

ቀስ በቀስ

ሁለቱንም ልፍታው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ሻይ ያዢ።

ድንቹ ምንም አይደለም። መልቲሬዝ ሳይተገበር ኤዲት ሞድ ሲገባ የሚታየው መነሻው ሜሽ (የፖሊጎኑ መረብ) ብቻ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ፌሱን በ4 ያበዛዋል። ደረጃ 5 ማለት 4 በራሱ አምስት ጊዜ ተባዝቶ 1,024 ነው። ስለዚህ ያንቺ ድንች 3,000 ገደማ ፌስ ያላት ናት። ችግርሽም የተወለደው እዚሁ ነው፤ መልቲሬዝ «አንገቷን ብቻ አብዛልኝ» ብትይው አይሰማም። ለንቅሳቱ ብለሽ ደረጃ በጨመርሽ ቁጥር መቆሚያውም አብሮ ይባዛል።

ግን ድንቿ ለ8 ጊጋ ራም በረከት ናት። ግሩፑን እሷ ላይ መስጠትሽ ልክ ነው። ሦስት ሺህ ፌስ መምረጥ ቀላል ነው፤ ክብደቱን መልቲሬዙ ራሱ ወደ ላይኛው ደረጃ ያወርሰዋል። ድንበሩም ላይ ትንሽ ስለሚያለዝበው ቁርጥ ያለ መስመር አይፈጠርም። ዴሲሜቱ በዝርዝሩ ላይ ከመልቲሬዙ ቀጥሎ መሆኑን ብቻ አረጋግጪ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሬሾው የሚቆጠረው ከግሩፑ ሳይሆን ከጠቅላላው ሐውልት ነው። ብዙ ሰው የሚወድቅባት ጉድጓድ ይቺ ናት። 0.1 ስትዪው «ከ3.1 ሚሊዮኑ 310 ሺህ ብቻ አስቀርልኝ» ማለትሽ ነው። ጭንቅላቷና አንገቷ ግን ተጠብቀዋል፤ ምናልባት ብቻቸውን 900 ሺህ ይሆናሉ። እና ምን ያድርግ? 310 ሺህ ለመድረስ ነጠላውን እስኪጨርስ በላው።

የሚጠበቀውን ለማወቅ ኦቨርሌይ ውስጥ ስታቲስቲክስን አብሪና ድንቿ ላይ ጭንቅላቷን ምረጪ፤ የተመረጠውን ከጠቅላላው ጋር ያሳይሻል። ቁጥሩን ንገሪኝ።

ሹሩባ

879 ከ3,027። አንገቷን ጨምሮ።

ቀስ በቀስ

ቆንጆ። 879 በ1,024 ሲባዛ 900 ሺህ፤ ገመትኩት ማለት ነው 😎። የቀረው 2.2 ሚሊዮን የነጠላውና የመቆሚያው ነው። እሱን ወደ አሥረኛው ማውረድ ከፈለግሽ 220 ሺህ ይቀራል። 900 እና 220 ሲደመር 1 ሚሊዮን 120 ሺህ። ለ3.1 ሚሊዮን ስታካፍዪው 0.36። ሬሾሽ 0.36 ነው።

ቁጥሩን በኪቦርድ ጻፊው፤ በማውስ አትጎትቺው። በጎተትሽ ቁጥር 3 ሚሊዮኑን እንደ አዲስ ያሰላል፣ ላፕቶፕሽ ይታነቃል። መጀመሪያ የመልቲሬዙን እይታ ወደ 4 አውርደሽ ድንበሩ የት እንዳረፈ እይ፣ ካማረሽ ወደ 5 መልሺው። አፕላይ ከማለትሽ (ለውጡን ቋሚ ከማድረግሽ) በፊት ደግሞ ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ አድርጊ። መብራት አይታመንም።

አንድ ምክር ድንበሩ ላይ። አንገቷ መሃል አታድርጊው፣ ንቅሳቱ እዚያ ነው። ነጠላው አንገቷን የሚነካበት እጥፋት ውስጥ ደብቂው። እጥፋት ውስጥ ትልቅና ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሲገናኝ ማንም አያየውም።

ጌታ ሸክላ

ነጠላው ላይ ፖሊጎን ለምን እንደቀረ ማንም አልመለሰላትም። ሹሩባ፣ የነጠላውን ፈትል ለማሳየት ቴክስቸር ያለው ብሩሽ ተጠቅመሻል?

ሹሩባ

አዎ! ጀርባውን ሁሉ። በጣም ወድጄው ነበር።

ጌታ ሸክላ

እሱ ነዋ። ዴሲሜት ፊት ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚሠራበት ሐሳብ ተመራማሪዎቹ ጋርላንድና ሄክበርት በ1997 ያቀረቡት ነው፦ አንድ የፖሊጎን ጠርዝ ተሰብስቦ ነጥብ ቢሆን መልኩ ከቀድሞው ገጽ ምን ያህል እንደሚርቅ ይለካል፤ ብዙ የማያርቀውን አስቀድሞ ይሰበስባል። ሜዳ የሆነ ነገር ቶሎ ያልቃል። ጎርበጥባጣ ነገር ይተርፋል። ለሱ የነጠላሽ ፈትል ሁሉ ጉብታ ነው፣ የአያትሽ ጉንጭ ግን ሜዳ። ስለዚህ ጉንጩን አክስቶ ፈትሉን አከበረልሽ።

ጀርባዋ ላይ ያለውን ፈትል በስሙዝ ብሩሽ ትንሽ አለዝቢው፤ ጥለቱን ተዪው። ከዚያ ብትቀንሺ በዚያው ቁጥር በጣም የተሻለ ነጠላ ታገኛለሽ። አያትሽን ይጠብቅልሽ።

ፈጣኑ

ይሄ ሁሉ ምን ያስፈልጋል? ጭንቅላቱን በፒ ለይተሽ ሌላ ኦብጀክት አድርጊው፣ ገላውን ብቻ ዴሲሜት አድርጊ። በሁለት ደቂቃ ያልቃል።

ቀስ በቀስ

ለእይታ ከሆነ ይሠራል። ለማተም ግን አልመክርም። የተቆረጠበት ጠርዝ በአንድ ወገን ሺህ ነጥብ፣ በሌላው መቶ ነጥብ ይሆናል፤ ስትገጥሚው አይዘጋም። አንገቷ ዙሪያ ክፍተት ይቀራል። ከዚያ እሱን ለመድፈን ቮክሰል ሪሜሽ (ሜሹን እንደ አዲስ የሚሠራው) ውስጥ ትገቢያለሽ፣ እሱ ደግሞ ሁሉንም እኩል አድርጎ ንቅሳቱን ይዞብሽ ይሄዳል። ሁለት ደቂቃው ሁለት ቀን ይሆናል።

ፈጣኑ

እሺ ተሸነፍኩ። ግን ኤዲት ሞድ ውስጥም ሜሽ፣ ክሊን አፕ፣ ዴሲሜት ጂኦሜትሪ የሚል አለ። የመረጥሽውን ብቻ ነው የሚቀንሰው፣ ሬሾውም ከተመረጠው ይቆጠራል። ሂሳብ የለም። ይሄንስ?

ቀስ በቀስ

እሱ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን መጀመሪያ መልቲሬዙን አፕላይ ማድረግና 3.1 ሚሊዮን ፌስ ይዞ ኤዲት ሞድ መግባት አለባት። በ8 ጊጋ? እኔ 32 ይዤም አላደርገውም። ለትናንሽ ሥራ ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው።

አሮጌ ላፕቶፕ

ብሌንደር እምቢ ካለሽ ሜሽላብ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ነጻ ነው። ኤስቲኤሉን ክፈቺ፣ ነጠላውን በፌስ መምረጫው ከልዪ፣ ከዚያ ኳድሪክ ኤጅ ኮላፕስ የሚለውን ማቅለያ ጥሪ። ከታች «የተመረጠውን ብቻ አቅልል» የሚል ሳጥን አለ፤ ምልክት አድርጊበት። እዚያ የምትጽፊው የፌስ ቁጥር የተመረጠውን ክፍል የሚመለከት ነው። መልኩ የድሮ ነው፣ አንዱ (አንዱ!) ቁልፍ የት እንዳለ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፣ ግን ይሠራል።

ዚብረሽ (ሌላ የቅርጻ ፕሮግራም) ያለው ሰው ደግሞ ፊቱን በማስክ ሸፍኖ ዴሲሜሽን ማስተርን ማዘዝ ነው። ማስኩ ከፕሪፕሮሰስ (ከቅድመ ስሌቱ) በፊት መሆን አለበት።

ማተሚያ ጠረጴዛ

እኔ በቀን ስንት ኤስቲኤል የምቀበል ሰው ነኝ፤ ከዚህኛው ወገን ልናገር።

ፋይልሽ ለምን 310 ሜጋባይት እንደሆነ ልንገርሽ። ባይነሪ ኤስቲኤል ለእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን 50 ባይት ይወስዳል፤ መግቢያዋ 84 ባይት ብቻ ናት። ያንቺ 3.1 ሚሊዮን ፌስ ባለ አራት ማዕዘን ነው፣ ሲወጣ እያንዳንዱ ለሁለት ይከፈላል። 6.2 ሚሊዮን በ50፣ ይኸው 310 ሚሊዮን ባይት። ስለዚህ ስታቲስቲክስ ላይ ፌስ የሚለውን ትተሽ ትሪያንግል የሚለውን እይ።

በ0.36 ደግሞ 112 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። አሁንም ከባድ ነው። 15 ሴንቲሜትር ለሆነ ሐውልት በ0.4 ሚሊሜትር አፍንጫ (ፕላስቲኩ የሚወጣበት ቀዳዳ) ስናትም ከ500 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ትሪያንግል ከበቂ በላይ ነው። ክፍል ክፍሉን ከቀነስሽ በኋላ ሁለተኛ ዴሲሜት ያለ ግሩፕ ጨምሪና ሁሉንም በሬሾ 0.4 አውርጂው። ነጠላው አስቀድሞ ስለተመናመነ ጉብታ የሌለው ትርፍ በአብዛኛው ያለው ጭንቅላቱ ላይ ነው፤ ከዚያ ይነሳል። 45 ሜጋባይት አካባቢ ታገኛለሽ።

ሌላ ደግሞ። የንቅሳቱ መስመር ሲታተም ስፋቱ ስንት ነው? ከ0.4 በታች ከሆነ ፖሊጎኑን ምንም ብትጠብቂው ማሽኑ አያወጣውም።

ሹሩባ

ለካሁት። 0.25 ሚሊሜትር 😭 ሦስት ቀን የለፋሁበት ንቅሳት።

ማተሚያ ጠረጴዛ

አይዞሽ። ወደ 0.6 አስፊው፣ ጥልቀቱንም 0.4 አድርጊው። ስክሪን ላይ የተጋነነ ይመስላል፣ እጅ ላይ ልክ ይመጣል። እንደ ቀድሞው ይቅር ካልሽ በሬዚን አሳትሚው፣ ዋጋው ግን ይለያል።

ሚኪ ጌም

ጣልቃ ልግባ፤ እኔ አፉን እያንቀሳቀሰ የሚያወራ ገጸ ባሕርይ እየሠራሁ ነው። በዚሁ መንገድ ብቀንሰውስ?

ጌታ ሸክላ

አይሆንም። ዴሲሜት የሚተወው የተዘበራረቀ ሦስት ማዕዘን ነው፤ አፉ ሲከፈት ጉንጩ ይቀደዳል። አንተ ሪቶፖሎጂ ነው የሚያስፈልግህ፤ ከላዩ አዲስ ንጹሕ ሜሽ ሠርተህ ዝርዝሩን በኖርማል ማፕ (ጉብታውን በሚያስመስል ምስል) ታወርሰዋለህ። ለብቻው ጠይቅ፣ እዚህ የሷን አታበላሽባት።

ሹሩባ

ተመልሻለሁ። የጀርባውን ፈትል አለዘብኩ፣ ንቅሳቱን አሰፋሁ፣ ድንበሩን ነጠላው እጥፋት ውስጥ ከተትኩ። 0.36፣ ከዚያ 0.4። አንደኛው ላይ ላፕቶፑ አሥር ደቂቃ ያህል ዝም አለ፤ ሞተ ብዬ ልዘጋው ስል ነቃ። ፋይሉ 45 ሜጋባይት! ማተሚያ ቤቱ ያለ ምንም ችግር ከፈተው።

ትናንት ወጣ። ንቅሳቱ በጣት ሲዳሰስ ይሰማል። ከግራ ጆሮዋ ሥር ብቻ ቀጫጭን ረጃጅም ሦስት ማዕዘኖች ጭረት የመሰለ መስመር ትተዋል። ጆሮዋ ራሱ ደህና ነው፣ መስመሩ ከሥሩ ነው።

ቀስ በቀስ

ጠርዙ ላይ ያለች አንዲት ፌስ ግሩፑ ውስጥ ገብታ ይሆናል። ድንቿ ላይ ከጆሮ ሥር ያሉትን ሦስት አራት ፌሶች መርጠሽ ከግሩፑ ሪሙቭ በያቸው። ለሚቀጥለው ኮፒ ነው እንጂ ለዚህኛው ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይበቃዋል።

ሹሩባ

ለአጎቶቼ አራት ኮፒ ታዟል፣ ዛሬውኑ አስተካክላለሁ። አያቴ ዓይታው ምን አለች መሰላችሁ፦ «ነጠላዬን ለምን ግራ ትከሻዬ ላይ አደረግሽው?»