የወንጪን ሐይቅና የሌሊቱን ሰማይ በአንድ ፎቶ ለማስፈር ምክር እሻለሁ

አድማስ፦

ጤና ይስጥልኝ። ያያያዝኋቸውን ሁለት ፎቶዎች ያነሣሁት በኅዳር ወር፣ ከወንጪ ሐይቅ በስተሰሜን ካለው የተራራ ጠርዝ ላይ ቆሜ ሐይቁን ቁልቁል ወደ ደቡብ እያየሁ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በተነሣው የመጀመሪያው ፎቶ የገደሉ እጥፋት፣ በውኃው ላይ የወረደው ጥላና የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ደሴት በደንብ ተለይተው ስለሚታዩ በእሱ ቅር አልተሰኘሁም። ጥያቄዬ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ስለተነሣው ሁለተኛው ነው። ሰማዩ ወደ ቡናማ ያደላ ግራጫ ሆኗል፤ ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ አጫጭር ሰረዝ መስለዋል፤ መሬቱ ደግሞ ቀይና አረንጓዴ ኖይዝ (በጨለማ ፎቶ ላይ የሚታይ የነጥብ ብናኝ) የተረጨበት ጥቁር ነገር ብቻ ነው።

ካሜራዬ አነስተኛ ሴንሰር ያለው ካኖን ሲሆን ሌንሱም አብሮት የተሸጠው ባለ 18–55 ሚሊ ሜትር ነው። በትራይፖድ ላይ አድርጌ በ18 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 3.5 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ በ30 ሰከንድና በአይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት ልክ) 6400 አነሣሁ። በጥር መጨረሻ ተመልሼ ለመሄድ አስቤአለሁ። በዚያ ወር ፍኖተ ሐሊብን (ሚልኪ ዌይን) ከሐይቁ በላይ ማግኘት ይቻላል? አዲስ ሌንስ ሳልገዛስ መሬቱንም ሰማዩንም በወጉ የሚያሳይ ፎቶ ይወጣልኛል?

ሌሊት ጠባቂ፦

ሰላም አድማስ። ከሴቲንጉ በፊት ስለ ሰማዩ ልናገር፤ ምክንያቱም በኅዳር ምሽት ወደ ደቡብ ሲታይ የሚገኘው የሰማይ ክፍል ራሱ ደማቅ ከዋክብት የሳሱበት ስለሆነ፣ የቱንም ያህል ውድ ሌንስ ቢይዙ ብዙ የሚያስደንቅ ነገር አያገኙም ነበር። የፍኖተ ሐሊብ ደማቅ እምብርት የሚገኘው ቀውስና አቅራብ በተባሉት ኅብረ ከዋክብት አካባቢ ሲሆን፣ እምብርቱ ምሽት ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ክረምቱ ሰማዩን በሚሸፍንባቸው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ ለእኛ የሚተርፉልን የወቅቱ ጫፎች ናቸው። ዝናቡ አየሩን አጥቦት በሚሄድበት በጥቅምት እምብርቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በደቡብ ምዕራብ ይታይና 4 ሰዓት ሳይሞላ ይጠልቃል። በየካቲት አጋማሽ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ በደቡብ ምሥራቅ ይወጣል፤ በመጋቢት መጨረሻ እኩለ ሌሊት ገደማ ወጥቶ ጎሕ ሊቀድ ሲል በደቡብ በኩል 50 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፣ ደመናው ከፈቀደ።

የእርስዎ ጥር ለእምብርቱ ትንሽ የቀደመ ቢሆንም እኔ አልጠላውም። በወሩ መጨረሻ እምብርቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል በኋላ ብቅ ይላል፤ 10 ሰዓት ገደማ ደግሞ የደቡብ መስቀል የተባለው ኅብረ ኮከብ በትክክል በደቡብ በኩል ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከአድማሱም 20 ዲግሪ ያህል ይርቃል። ፍኖተ ሐሊብ በዚያ ሰዓት አናት ላይ አይወጣም፤ ከደቡብ ምሥራቅ ተነሥቶ በመስቀሉ በኩል አልፎ ወደ ምዕራብ የሚወርድ ዝቅ ያለ ቅስት ይሠራል። ቅስቱ ዝቅ ማለቱ ለእርስዎ ይበጃል፤ አግድም የተያዘ የእርስዎ ካሜራ በ18 ሚሊ ሜትር ከላይ ወደ ታች 45 ዲግሪ ያህል ስለሚያይ፣ አድማሱን ከመሐል ትንሽ ዝቅ ካደረጉት መስቀሉም ሐይቁም አብረው ይገባሉ። አውሮፓ የሚኖሩ ፎቶ አንሺዎች ይህን ኅብረ ኮከብ ለማየት ወደ ደቡብ መጓዝ ግድ ይላቸዋል፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ ዞር ብለንም አናየውም።

ቡናማው ቀለም በአብዛኛው የወሊሶ መብራት ይመስለኛል፤ ከተማዋ ከወንጪ ወደ ደቡብ፣ በሌንስዎ አቅጣጫ ናትና። ከንጋት በፊት ብዙ መብራት ስለሚጠፋ ይቀንሳል፤ የቀረውንም በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ካነሡና የቀለም ሚዛኑን 4000 ኬልቪን አካባቢ ካደረጉ በኋላ ማረም ይቻላል።

ስለ ሰረዙ፦ ከዋክብቱ ሰረዝ ሳይሆኑ ማንሣት የሚቻልበትን ረጅሙን ሰከንድ ለማግኘት የተለመደው ስሌት 500ን ለሌንሱ ርዝመት (በሚሊ ሜትር) ማካፈል ነው፤ በካኖን አነስተኛ ሴንሰር ግን ርዝመቱ አስቀድሞ በ1.6 ይባዛል። ለ18 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው 17 ሰከንድ ያህል ስለሆነ 30 ሰከንድ በጣም በዝቷል። ይህ ስሌት ግን የማይናገረው ነገር አለ። ከዋክብት በሴንሰሩ ላይ የሚሄዱበት ፍጥነት ከሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ በላይ ካለው የሰማይ መስመር) ባላቸው ርቀት ይወሰናል፤ በወገቡ ላይ ያለው ኦሪዮን የተባለው ኅብረ ኮከብ በሙሉ ፍጥነት ሲጓዝ፣ ከወገቡ 60 ዲግሪ ወደ ደቡብ የራቀው የደቡብ መስቀል የሚጓዘው በግማሹ ነው። ስለዚህ ለመስቀሉ 20 ሰከንድ ቢጠቀሙ ጉዳት የለውም፤ ኦሪዮንን ሲያነሡ ግን ከ13 ሰከንድ ባይበልጡ እመክራለሁ።

ፎከሱን በሌንሱ ላይ ባለው ምልክት አይመኑ። ላይቭ ቪውን (በካሜራው ጀርባ ስክሪን ማየትን) ከፍተው፣ አንድ ደማቅ ኮከብ 10 እጥፍ አጉልተው፣ ኮከቡ እስኪያንስ ድረስ ቀለበቱን በእጅ ያዙሩና ከዚያ በኋላ በፕላስተር ይያዙት። ሌንሱ የእጅ ንዝረት መከላከያ ካለው ትራይፖድ ላይ ሳለ ይጥፋ።

ጎሕ፦

ወንድሜ ሌሊት ጠባቂ ስለ ሰማዩ ያለውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ መሬቱን ግን አልነካውም፤ የጠያቂው ዋና ችግር ደግሞ እሱ ይመስለኛል። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት የወንጪ ገደል በ20 ሰከንድ ምንም ቢደረግ አይበራም፤ አይኤስኦን መጨመርም ያልገባ ብርሃን አያመጣም፤ የገባውን ብቻ ከነኖይዙ ያጎላዋል።

እኔ የምመርጠው ጨረቃዋ ልትጠፋ ሦስት ወይም አራት ሌሊት ሲቀራት መሄድን ነው። በዚያ ጊዜ ከፊቷ አንድ ስምንተኛው ገደማ ብቻ የበራ ስለሆነ ሰማዩን ብዙ አታነጣውም፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ በምሥራቅ በኩል ስለምትወጣም ብርሃኗ ገደሉን ከጎን እየመታ እጥፋቱን ሁሉ ያሳያል። ኤፍ 3.5፣ 20 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 3200 ይበቃል። አንድ ፎቶ፣ አንድ ሰዓት፣ ምንም ማጋባት የለም። ሁለት የተለያዩ ፎቶዎችን በኮምፒውተር አጣብቀው እንደ አንድ የሚያቀርቡ ሰዎች መብዛታቸው ለእኔ ደስ አይለኝም፤ በተለይም ሰማዩ ከአንድ አገር፣ መሬቱ ከሌላ አገር ሲሆን።

የጠርዝ መንገደኛ፦

በጎሕ ሐሳብ ላይ አንድ እንቅፋት አያለሁ። በጥር መጨረሻ ጨረቃ ልትጠፋ ሦስትና አራት ሌሊት ሲቀራት የምትገኘው ራሱ ቀውስ ውስጥ፣ ከፍኖተ ሐሊብ እምብርት አጠገብ ነው። መስቀሉ በደቡብ ስለሆነ አይጎዳም፤ በምሥራቅ በኩል ያለው የቅስቱ ክፍል ግን በጨረቃዋ ብርሃን ይዋጣል። መስቀልና ሐይቅ ብቻ ከፈለጉ የጎሕ መንገድ ቀላሉ ነው፤ ቅስቱን በሙሉ ከፈለጉ ግን አይሆንም።

እኔ ጨረቃዋ ልትጠፋ ሁለት ሌሊት ሲቀራት እሄድ ነበር። በዚያ ሌሊት የምትወጣው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው፤ የምሥራቁ ጠርዝ ስለሚጋርዳትም ከዚያ ዘግይታ ትታያለች። ስለዚህ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት በፍጹም ጨለማ ሰማዩን ያነሣሉ፤ ከዚያም ትራይፖዱን ከቦታው ሳያንቀሳቅሱ አይኤስኦን ወደ 800 ዝቅ አድርገው፣ መዝጊያውን በሪሞት ለ4 ደቂቃ ያህል ከፍተው መሬቱን ብቻ ያነሣሉ። ቦታው አንድ፣ አቅጣጫው አንድ፣ ሌሊቱም አንድ ከሆነና ከፎቶው ሥር ይህን ከጻፉ ማጋባቱ የሚያሳፍር አይመስለኝም።

ንጋቱን ደግሞ አይዘንጉ። በእኛ አገር ፀሐይ ወደ አድማሱ የምትመጣው ቀጥ ብላ ስለሆነ ከሙሉ ጨለማ እስከ መውጫዋ ያለው ጊዜ ከ70 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። መሬቱ ሰማያዊ ብርሃን አግኝቶ ደማቆቹ ከዋክብት ገና የሚታዩባት ሰዓት በጥር መጨረሻ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ የምትገኘው 10 ደቂቃ ናት፤ በዚያን ጊዜ ሌንስ ሲጠርጉ ወይም ባትሪ ሲቀይሩ እንዳይገኙ። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ በጥር ውርጭ አለ፤ መለዋወጫ ባትሪውን በልብስዎ ውስጥ ይያዙ፤ የሌንሱን ፊትም ጤዛ እንዳለበት በየጊዜው ይመልከቱ። ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር ቀን ላይ ጠርዙን ዞረው የሚቆሙበትን ቦታ መምረጥ ይሻላል፤ በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ማረፊያዎች መብራት ከየትኛው ቦታ እንደማይታይም የሚያውቀው እሱ ነው።

አድማስ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጠርዝ መንገደኛ ያሉትን ለመሞከር ወስኛለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ሰማዩን ለአንድ ሰዓት ተኩል ማንሣት ማለት አንድ ዓይነት ፎቶ ደጋግሞ ማንሣት ማለት ነው? ለምን ይጠቅማል?

ሌሊት ጠባቂ፦

አዎ፣ መደራረብ ለሚባለው ሥራ ይጠቅማል። ኖይዝ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ የሚወድቅበት ቦታ የተለያየ ስለሆነ፣ ፎቶዎቹ ተደራርበው አማካያቸው ሲወሰድ ይቀንሳል፤ የሚቀንሰውም በቁጥራቸው ስኩዌር ሩት ልክ ነው። 16 ፎቶ ካነሡ ኖይዙ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ወደ ስምንተኛ ለማውረድ ግን 64 ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከ16 እስከ 20 ባለው መቆም ይሻላል። ያለማቋረጥ፣ ተከታትለው ያንሷቸው፤ ጊዜው ሲረዝም ከዋክብቱ ብዙ ስለሚጓዙ በፎቶው ዳር ላይ ተቆርጦ የሚጣለው ክፍል ይበዛል። በካሜራው ውስጥ ያለውን የረጅም ኤክስፖዠር ኖይዝ ማጥፊያም ይዝጉት፤ ካልሆነ ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ያንኑ ያህል ሰከንድ ያስጠብቅዎታል።

ሴኳተር የተባለው ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም መሬቱን አስቁሞ ሰማዩን ብቻ ማስተካከል ይችላል፤ ከተደራረበው ውስጥ ሰማዩን ይውሰዱና መሬቱን ከ4 ደቂቃው ፎቶ ያስገቡ። ሁለቱ በሚገናኙበት አድማስ ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ የወሊሶ ብርሃን በሰማዩ ፎቶ ላይ እንዳለ ትተው ከመሬቱ ላይ ብቻ ቢያጠፉት፣ ተራራው ከኋላው ከበራው ሰማይ ጋር የማይዛመድ ተቆርጦ የተለጠፈ ነገር ይመስላል።