«ጭስ ሀብት ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

የጣርማበሩ፦ ትናንት እዚህ አንዱ «ጭስ ሀብት ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ስበን ሲሚንቶና ማዳበሪያ እንሠራበታለን» ብሎ ጻፈ። ስንቱ ላይክ አደረገው! እኔ ተናድጄ ነው ያደርኩት። አየር ውስጥ ያለው እኮ 0.04 በመቶ ገደማ ነው። እሱን ለቅሞ ለማውጣት መብራቱ ከየት ይመጣል? እኛ ጋ መብራት ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጆንያ ተደርድሯል።

የበሬሳ ልጅ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ቃሌንም አላጥፍም። ለሚ ሂድና የሲሚንቶ ፋብሪካውን እይ። 100 ኪሎ ንጹህ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፣ ያውም የነዳጁን ሳንቆጥር። ይሄ ሁሉ ሲበተን አያንገበግብህም?

የጣርማበሩ፦ «ከአየር» ነው ያልከው። አሁን ወደ ጭስ ማውጫ ዞርክብኝ።

ኢንሳሮዋ፦ ማዳበሪያውስ? ዩሪያ ድሮም ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚሠራው። ማሳ ላይ ስበትነው ግን ካርቦኑ ተመልሶ አየር ላይ ነው። ምኑ ታሰረ? እኔን የሚያሳስበኝ ዩሪያው ለዘር መድረሱ ነው።

የበሬሳ ልጅ፦ እሱ ላይ ልክ ነሽ እህቴ። ኮንክሪት ግን ይይዘዋል፤ ሲቦካ ጋዙን ካስገቡበት እዚያው ድንጋይ ይሆናል። «ከአየር» ላልከው ደግሞ፣ የአያቴን ቤት ግድግዳ ኖራ ስንቀባ መጀመሪያ ሲነኩት እጅ ላይ ይቀር ነበር። እየቆየ ጠጠረ። ያጠጠረው ከአየር የጠጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ያለ ምንም መብራት!

የጣርማበሩ፦ ኖራው እኮ ሲቃጠል የለቀቀውን ነው መልሶ የሚጠጣው። ትርፉ የቱ ጋ ነው?

የመንዙ፦ ወንድሞቼ፣ አይስላንድ በ2021 እንደ ፈረንጆቹ አንድ ጣቢያ ተከፍቷል፤ በዓመት እስከ 4 ሺህ ቶን ከአየር እንዲስብ ነው የተሠራው። ጋዙን ከውሃ ጋር ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ) ውስጥ ያስገቡታል፣ እዚያው ድንጋይ ይሆናል። የጣርማበር ገደልም ባዛልት ነው።

የጣርማበሩ፦ ያ መቅበር ነው፣ ዕቃ መሥራት አይደለም። እነሱ ደግሞ መብራት የሚያመነጩበት ከመሬት የሚፈላ እንፋሎት አላቸው። ገደላችንንም ተውልን፣ በክረምት ናዳው ይበቃናል።

የመንዙ፦ ገደሉ የአንተ ብቻ ነው እንዴ? እኛ ጓሳን፣ የመንዝን የሣር ምድር፣ በቄሮ (ሣሩ መቼ እንደሚታጨድና እንደሚጋጥ ኅብረተሰቡ በሚወስንበት የአባቶች ደንብ) ስንት መቶ ዓመት ጠብቀናል፤ ካርቦን የሚይዘው ሣርና አፈር ነው፣ ከእሱ እንጀምር።

የበሬሳ ልጅ፦ ጓሳ ሲሚንቶ አይሆንም። እሺ፣ «ከአየር» የሚለውን ሰርዤዋለሁ። «ሀብት ነው» ያልኩት ግን እንዳለ ነው።

የጣርማበሩ፦ መሰረዝ የነበረብህ እሱን ነበር።