ቅዳሜ ደብረ ሲና፣ እሁድ አንኮበር በ125 ሞተር ይሆናል?

ልጅ ሰሚት፦
ሰላም ወገን። 125 ሲሲ ሞተር አለኝ፤ ከሰንዳፋ አልፌ ግን አላውቅም። በጥቅምት ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ ወጥቼ፣ ጣርማበር ዋሻውን አይቼ፣ ደብረ ሲና አድሬ፣ እሁድ በአንኮበር በኩል ልመለስ አስቤያለሁ። ከኋላ ታናሽ ወንድሜ አለ። ጓደኞቼ "ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ምን አላት!" ይላሉ። እናቴ "ብርዱ ይገድላችኋል" ትላለች። ማንን ልስማ?

የጠባሴው መካኒክ፦
እናትህን ስማ። ደብረ ብርሃን ሞተር ስፈታ ነው የምውለው። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ልጆች ሞተራቸው ደህና ነው፤ ጣታቸው ግን ፍሪሲዮን መያዝ ያቅተዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። በጥቅምት ሲነጋ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ይገኛል። በሌሊት ተነሱ የሚልህን አትስማ። ከካራ 2 ሰዓት ላይ ውጣ። ከጃኬትህ ሥር ደረትህ ላይ ጋዜጣ አድርግ፣ ነፋስ አያሳልፍም። ሸኖ ላይ ሻይ ጠጥታችሁ እጃችሁን አሙቁ። ቅቤውን ስትመለስ ግዛ።

ከሸኖ ወዲህ ሜዳ ነው፤ ነፋሱ ከጎን ይመታል። ሲኖትራክ ሲያልፍህ ነፋሱን ይከልልሃል፤ ልክ እንዳለፈ መልሶ ይገፋሃል። መሪውን አንቀህ አትያዝ፣ ከኋላውም አትጠጋ።

ሞተርህ ባለ ካርቡሬተር ከሆነ እዚህ ይደክማል። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ሁለት ሆናችሁ አቀበቱ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ብትቀሩ አትደንግጥ፣ አልተበላሸም። "ካርቡሬተሩን ልፍታልህ" የሚል መካኒክ ከመጣ እምቢ በለው። እኔም ብሆን!

ጉዞህ ግን አልገባኝም። ጣርማበርና አንኮበር ከደብረ ብርሃን የሚለያዩ ሁለት መንገዶች ናቸው። ደብረ ሲና ካደርክ እሁድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተመልሰህ፣ አንኮበር 40 ሄደህ 40 መጥተህ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። 270 ገደማ ነው፣ ያውም በጥቅምት ነፋስ። አንዱን ምረጥ። እኔን ካልከኝ ደብረ ብርሃን እደሩ፣ እሁድ ጠዋት ሻንጣውን አልጋ የያዛችሁበት ትታችሁ አንኮበር ደርሳችሁ ተመለሱ።

ሰላም ዘሸዋ፦
የጠባሴው፣ አንተማ ለከተማህ ታደላለህ! እኔ ጣርማበር እላለሁ። ጭላዳዎቹ ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ ማየት ብቻውን ይበቃል። ዋሻው በጣሊያን ጊዜ የተቆፈረ ነው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ሳትገባ ጥቁር መነጽርህን አውልቅ፣ መብራት አብራ። በዚህ በኩል ፀሐይ ሆኖ በዚያ በኩል ጉም ሊጠብቅህ ይችላል። ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን ፍሬን ይዘህ አትውረድ፤ በማርሽ ያዘው። የከባድ መኪኖቹ ፍሬን ሲቃጠል ይሸትሃል፣ ያኔ ይገባሃል።

ልጅ ሰሚት፦
ወንድሜ አንኮበር ብሎ ወስኗል፣ የምኒልክን ቤተ መንግሥት ካላየሁ ይላል። አሁንም አለ እንዴ?

የጠባሴው መካኒክ፦
የድሮው የለም። በቦታው እሱን አስመስለው የሠሩት ሎጅ ነው ያለው። ኮረብታው ግን ያው ሣህለ ሥላሴም ምኒልክም የተቀመጡበት ነው። ሞተሩን ታች ትታችሁ በእግር ትወጣላችሁ፤ ለሳንባ ጥሩ ፈተና ነው። ሰማዩ ከጠራ የአፋር ቆላ ከሥራችሁ ይታያል። ከሰዓት ጉም ይመጣልና በጠዋት ሂዱ፤ ያው ጣት እስኪደነዝዝ ግን አይደለም።

ዓርብ ማታ እዚህ ላለ ሰው ደውለህ የመንገዱን ሰላም ጠይቅ። ካልሆነ ለሌላ ሳምንት አስተላልፈው፣ አንኮበር የትም አይሄድም። በጨለማ አትንዳ። ቅዳሜ ማታ ጥብስ ብሉ፣ በጥቅምት አንድ አጥንት ነው። አረቄውን ግን ሞተር ለማይነዳው ተውለት። ደግሞ መለዋወጫ ካላማዳሪያ ያዝ፤ የጎማህ ቁጥር እኛ ጋ ላይገኝ ይችላል።