ለአባቴ ሙዚቃ ማጫወቻ ሪሞት ፈልጌ ተቸግሬያለሁ፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። ራስፕቤሪ ፓይ 4 በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ቮሉሚዮ የሚባል የሙዚቃ ማጫወቻ ሶፍትዌር ጭኜ የሳሎን ሙዚቃ ማጫወቻ ሠርቻለሁ። ባለ 7 ኢንች ተች ስክሪንም አለው። ለእኔ ተመችቶኛል፤ ዘፈን ፈልጎ ለማግኘት ስክሪንን የሚያህል የለም።

ችግሩ አባቴ ጋ ነው። ዓይናቸው ደክሟል። ጣታቸው ስለሚደርቅ ስክሪኑ አንዳንዴ ጭራሽ አይታዘዝላቸውም። ድምፅ ለመቀነስ እንኳ ከሶፋ ተነሥተው መነጽር መፈለግ አለባቸው። ጥላሁንን ሳይሰሙ የማይውሉ ሰው አሁን እኔ ከሌለሁ አይከፍቱትም። ይሄ ነው የሚያሳዝነኝ።

ሪሞት ይሻላል ብያለሁ፤ ቁልፉን ሳያዩ በእጃቸው ዳብሰው ያገኙታል። ግን የትኛው? የኢንፍራሬድ (በማይታይ ጨረር የሚሠራ) ሪሞት ርካሽ ነው፣ አሮጌ የቲቪ ሪሞትም ጨረሩን ከሚቀበል የዩኤስቢ መቀበያ ጋር ይሠራል። ነገር ግን ማጫወቻው ቡፌ ውስጥ ነው፣ በሩ ከተዘጋ ጨረሩ አይደርስም። ብሉቱዝ በሩ አያግደውም። ሆኖም ብዙዎቹ የብሉቱዝ ሪሞቶች ሳይነኩ ሲቆዩ ይተኛሉ፣ እስኪነቁም ትንሽ ይቆያሉ፤ አባቴ ጫን አድርገው ወዲያው ካልሠራ ተበላሸ ብለው ይተዉታል።

ሌላው ደግሞ ያለ ስክሪን ዘፈን እንዴት ይመርጣሉ? 1 ሲጫን ጥላሁን፣ 2 ሲጫን መዝሙር እንዲከፍት ማድረግ ነው ሐሳቤ። የቁጥር ቁልፍን ከፕሌይሊስት ጋር ያገናኘ ሰው አለ? መቀበያውን ብቻ በኤክስቴንሽን ገመድ ከቡፌው ባወጣውስ ያዋጣል? ሐዋሳ ውስጥ መቀበያውን የት እንደማገኝ የምታውቁም ጠቁሙኝ።